ጥፋቱ የገመዱ ነው ወይስ የጣርማበር?

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የአንድ ድርጅት መኪናዎችን ስምሪት አስተባብራለሁ። ሦስት ላንድክሩዘሮች አሉን። ሦስቱም 25 ዋት የቪ ኤች ኤፍ ሬዲዮ አላቸው፤ አንዱ በተጨማሪ ኮዳን የሚባለው የረጅም ርቀት (ኤች ኤፍ) ሬዲዮ ተገጥሞለታል። በከተማው ዙሪያና እስከ ጫጫ ድረስ ሁለቱ መኪናዎች ጥርት ብለው ይሰማሉ። ሦስተኛው እኛን በደንብ ይሰማናል፤ እኛ ግን እሱን የምንሰማው እየተቆራረጠ ነው። ክረምት ከገባ ወዲህ ብሶበታል። ላቫጆ ገብቶ ሲወጣማ ጭራሽ ይጠፋል። ሌላው ችግር፣ ሦስቱም ጣርማበርን አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ድምፃቸው ይጠፋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የምንገናኘው በስልክ ነው፣ ያውም ኔትወርክ ካለ። ባለሙያ ጠርተን በሜትር ለካልን። 'ኤስ ደብሊው አሩ 1.7 ነው፣ ከ2 በታች ስለሆነ አንቴናው ጤነኛ ነው። ሬዲዮው አቅም አንሶታል። 50 ዋት ሬዲዮና ረጅም አንቴና ግዙ' አለን። እንግዛ?»

መልስ፦ አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ።

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ችግሮች አሉ፤ ባለሙያው ግን አንድ አድርጎ ነው ያያቸው። የመጀመሪያው የሦስተኛው መኪና ብቻ ነው። ሁለቱ እየሠሩ እሱ ከተቆራረጠ ጥፋቱ እዚያው መኪና ላይ ነው። በውሃ መባሱ ደግሞ የት እንደምንፈልግ ይጠቁመናል። ሁለተኛው የሦስቱም ነው፤ ከጣርማበር ወዲያ ሁሉም ይጠፋሉ። ሦስት መኪና አንድ ቦታ ላይ አንድ ላይ አይበላሽም። እሱ የተራራው ጉዳይ ነው። 50 ዋት ለሁለቱም መድኃኒት አይሆንም። ምክንያቱን በየተራ ላስረዳ።

መጀመሪያ ያቺን 1.7 እንያት። ኤስ ደብሊው አር የሚባለው ልኬት የሚናገረው ሬዲዮው ወደ አንቴናው ከላከው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ ነው። 1.5 ከሆነ የሚመለሰው 4 በመቶ ገደማ ነው። 2 ከሆነ 11 በመቶ፣ 3 ከሆነ ደግሞ 25 በመቶ ይመለሳል። ስለዚህ 1.7 በራሱ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ጥያቄው የት ተለካ ነው። ባለሙያው ሜትሩን ያስገባው ከሬዲዮው ጀርባ መሆን አለበት፤ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚለካው። እዚያ ላይ ሆኖ የሚታየው ደግሞ ገመዱና አንቴናው ተደማምረው ነው፤ አንቴናው ለብቻው አይታይም።

ውሃ የገባበት ገመድ ኃይል ይበላል። ወደ አንቴናው ሲሄድ ይበላል፤ ከአንቴናው ተመልሶ ሲመጣም እንደገና ይበላል። ሜትሩ ጋ የሚደርሰው ተመላሽ ትንሽ ስለሚሆን ቁጥሩ ያማረ ይመስላል። በቁጥር እንየው። ገመዱ ግማሹን ኃይል የሚበላ ይሁን። አንቴናው ጋ ያለው እውነተኛ ልኬት 3 ይሁን፤ ያ ማለት አንቴናው ታሟል። ሬዲዮው ጋ ቆመው ሲለኩ ስንት ይነበባል? 1.7 ገደማ! ጤነኛ የተባለላችሁ መኪና በትክክል እንደዚህ ሊሆን ይችላል። ከ25 ዋቱ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 12.5 ነው፤ ከዚያም ሩቡ ይመለስና አየር ላይ የሚወጣው 9 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል።

እዚሁ ስርዓት ላይ 50 ዋት ሬዲዮ ቢገጥሙ አየር ላይ የሚወጣው 19 ዋት ያህል ነው። አሁን ባለው 25 ዋት ሬዲዮ ላይ ጤነኛ የሆነ አምስት ሜትር ገመድና በልኩ የተቆረጠ አንቴና ቢያስገቡ ደግሞ 20 ዋት ገደማ ይወጣል። አዲስ ሬዲዮ ገዝተው የሚያገኙት፣ በገመድ ዋጋ ከሚያገኙት ያነሰ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የተበላሸ ኮኔክተር (የገመዱ ጫፍ መሰኪያ) ላይ ኃይል ሲጨመር ይሞቃል፤ ሬዲዮውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። እርጥበቱ ደግሞ አይቆምም፤ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሰው እዚያው ናቸው።

«ታዲያ እሱ እኛን እንዴት ይሰማናል?» ብለው ይሆናል። በገመዱ ላይ ያለው ብክነት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው። ልዩነቱ ከእናንተ በኩል ያለው ትርፍ ነው። የቢሮው ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ያለ ነው፤ አንቴናውም ምሰሶ ላይ ነው። ስለዚህ ግማሹ ቢባክንም የሚቀረው ለመስማት ይበቃል። የመኪናው ድምፅ ግን ገና ሲነሳ ደካማ ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ጣቢያ ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ከመብራትና ከቻርጀር ብዙ ጫጫታ ይለቅማል፤ ደካማው ድምፅ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዘመናዊ ሬዲዮዎች ተመላሽ ኃይል ሲበዛባቸው ራሳቸውን ለመጠበቅ የሚልኩትን ይቀንሳሉ። ሹፌሩ ይሄን አያውቅም። ማይኩን ተጭኖ ቀዩ መብራት እስከበራ ድረስ እየተናገረ ይመስለዋል።

ውሃው ከየት ይገባል? ላቫጆው ግልጽ ነው። በግፊት የሚረጭ ውሃ በቀጥታ አንቴናው ሥር ይገባል፤ የሥሩ ጎማ ከተሰነጠቀ የሚያስቆመው የለም። የእናንተ መስመር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ትወርዳለች። ጣርማበር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከሸዋ ሮቢቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ የውጪው ግፊት ስለሚጨምር የቆላው ሞቃት አየር በየቀዳዳው ወደ ኮኔክተሩ ውስጥ ይገፋል። ማታ ደጋ ላይ ሲመለስ ያ አየር ይቀዘቅዝና ጤዛ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄ ከተደጋገመ ዝናብ ሳይነካውም ውስጡ ይረጥባል። ውሃው አንዴ ከገባ ከውስጥ ያለው የመዳብ ጥልፍልፍ እየሳበ ገመዱን ተከትሎ ይወስደዋል። መዳቡ ይጠቁራል፣ ይዝጋል። ያ ገመድ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ተመልሶ አይድንም።

ብዙ ሹፌሮች ለዚህ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ ፌስታል ያስሩበታል። እባክዎ ያስፈቱት። ፌስታል ዝናቡን ትንሽ ይከለክል ይሆናል፤ የገባውን እርጥበት ግን አፍኖ ይይዛል። ሲሊኮን የሚቀባም አለ። ሱቅ ላይ በብዛት የሚገኘውና አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ መዳቡን ይበላዋል። የሚሸት ከሆነ ኮኔክተር አጠገብ አይድረስ።

አሁን ወደ ምርመራው። ከሁሉ በፊት ብር የማያስወጣውን ያድርጉ። የጤነኛውን መኪና ሬዲዮ ነቅለው ሦስተኛው ላይ ይግጠሙ፤ የሦስተኛውን ጤነኛው ላይ። ችግሩ ከመኪናው ጋር ከቀረ ሬዲዮው ነፃ ነው። ከሬዲዮው ጋር ከሄደ ደግሞ እኔ የጻፍኩትን ትተው ሬዲዮውን ያስጠግኑ። ምልክቶቹን ሳይ ግን ከመኪናው ጋር እንደሚቀር እጠብቃለሁ። ቀጥሎ የአንቴናውን ዘንግ ብቻ ይቀያይሩ። የጓደኛውን ዘንግ ሲገጥሙለት ከተሻለው ገመዱ ላይ ከመሄድዎ በፊት አንቴናውን ያስቡ።

ከዚያ በዓይንና በእጅ ይፈትሹ። ገመዱን ከአንቴናው ሥር ጀምረው እስከ ሬዲዮው ድረስ በጣትዎ ይከተሉት። በር የሚረግጠው ቦታ አለ? ወንበር የተጫነው? ጠበብ ብሎ የታጠፈ? የደጋ ፀሐይ የገመድ ሽፋን ያደርቃል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ያደረቀውን ይሰነጥቃል። ሽፋኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። ዘንጉን ይዘው ቀስ ብለው ያወዛውዙ። ሥሩ ከተነቃነቀ ላልቷል ማለት ነው። በወፍ ዋሻ በኩል የሚመላለስ መኪና ከሆነ ቅርንጫፍ ሲመታው መክረሙ አይቀርም።

በቴስተር ሲለኩ አንቴናውን ከገመዱ መለየት አይርሱ። ገመዱን ለብቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለኩ የመሃሉ ሽቦ ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት። በመሃሉ ሽቦና በውጪው ጥልፍልፍ መካከል ደግሞ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። እየለኩ ገመዱን ያወዛውዙት፤ ንባቡ ከዘለለ ውስጡ ተበጥሷል። አንቴናው ተገጥሞ እያለ ለክተው መሃሉና ውጪው ተገናኝቶ ቢያገኙት ግን አይደንግጡ። ሥራቸው ላይ ጥቅልል ሽቦ ያላቸው አንቴናዎች ሲሠሩም እንደዚያ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና አንቴና ሲጣል አይቻለሁ።

ቴስተር ግን እርጥበትን ሁልጊዜ አያሳይም። ቁርጡን የሚነግረው የዋት መለኪያና 50 ኦም የሆነ የሐሰት ጭነት ነው። የሐሰት ጭነት የምለው የአንቴናን ቦታ ተክቶ ኃይሉን በሙቀት የሚጨርስ ትንሽ ዕቃ ነው። አንቴናውን ይፍቱ፤ በእሱ ቦታ መለኪያውንና ጭነቱን ጣራው ላይ ይግጠሙ፤ ከዚያ ማይኩን ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑ። ሬዲዮው ጀርባ ላይ 25 ዋት ከተለካና ጣራው ላይ 20 ገደማ ከደረሰ ገመዱ ደህና ነው። 12 ወይም 13 ከደረሰ ገመዱን ይጣሉት፤ መከራከር አያስፈልግም። የአንቴና አናላይዘር የሚያውሳችሁ ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ የሚልከው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ምንም አይጎዳም። የገመዱን የጣራ ጫፍ ባዶውን ትተው ከሬዲዮው ጫፍ ይለኩ። አንቴና የሌለው ገመድ በጣም ከፍተኛ ቁጥር ማሳየት አለበት። ባዶውን ሆኖ 3 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ግማሹን ኃይል ወይም ከዚያ በላይ እየበላ ነው። ሬዲዮውን ግን ያለ አንቴናና ያለ ጭነት ማይኩን ተጭነው አይሞክሩት፤ ማቃጠያ መንገድ ነው።

ገመዱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ መሃል ላይ ቆርጦ መቀጠል የለም። ሙሉውን ይቀይሩ። ለመኪና አርጂ 58 ይበቃል፤ ጥልፍልፉ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን ሲገዙ ጫፉን ላጥ አድርገው ይዩ። ሳሳ ያለው ርካሽ ነው፤ ምክንያቱ ግን አለው። ከሁሉ በላይ የዲሽ ገመድ እንዳይሸጥልዎት ይጠንቀቁ። እሱ 75 ኦም ነው፤ የእርስዎ ሬዲዮ 50 ኦም ይፈልጋል። መልካቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚያስፈልገውን ርዝመት ለክተው ይቁረጡ። የተረፈውን ወንበር ሥር ጠቅልሎ መወሸቅ ኃይል ማባከን ነው። የገመዱን ርዝመት እያሳጠሩና እያስረዘሙ ኤስ ደብሊው አር «ማስተካከል» የሚባለውም ሜትሩን ማታለል እንጂ አንቴናውን ማከም አይደለም።

ኮኔክተሩን በሶልደር የሚያሲዝልዎት ሰው እጁ ጥሩ ይሁን። ጥልፍልፉ ከኮኔክተሩ አካል ጋር ዙሪያውን መያያዝ አለበት። አንድ ሁለት ክር ብቻ የያዘ ኮኔክተር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ የመንዝ መንገድ ላይ ይለቃል። ውጪ ላይ የሚቀር መገጣጠሚያ ካለ መጀመሪያ ራሱ ከራሱ ጋር የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ ደግሞ ናስትሮ ይጠቅልሉ። ጥቅልሉ ከታች ወደ ላይ ይሂድ። የሣር ክዳን እንደሚከደነው ነው፤ የላዩ የታቹን ከደረበ ውሃ ይፈሳል፤ ከተገላበጠ ግን ይገባል። ገመዱ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደታች ሸብረክ ብሎ ይውረድ፤ ጠብታው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ አይገባም።

የአንቴናው ቦታ ሌላው ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ግን አይጨነቅበትም። የመኪናው ጣራ ላሜራ የአንቴናው ግማሽ አካል ነው። ዘንጉ ብቻውን አይሠራም። ስለዚህ ምርጡ ቦታ የጣራው መሃል ነው። ፓራውልት ላይ ወይም ኮፈኑ ጠርዝ ላይ የተገጠመ አንቴና ይሠራል፤ ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል። መኪናው ፊቱን ሲያዞር ድምፁ ይለዋወጣል። ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ዘንጉን በብረቶቹ መካከል መትከል እስር ቤት ማስገባት ነው። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ከብረቱ ይራቅ። ይህ የማይቻል ከሆነ ፖርቶመጋላውን ወደ ኋላ ይግፉት። ላዩ ላይ የሚጫነው ጎማና ጀሪካንም ተመሳሳይ ጉዳት አለው።

ጣራ መብሳት ያስፈራል፤ አውቃለሁ። የንብረት ክፍል ሰዎችም ይቆጣሉ። በትክክል የተበሳና ጎማው በደንብ የተቀመጠ ቀዳዳ ግን አያፈስም። ማግኔት ያላቸው አንቴናዎች ለጊዜው ጥሩ ናቸው። ለጠጠር መንገድ ግን አይሆኑም፤ ይወድቃሉ፣ ሥራቸው አቧራና ውሃ ይዞ ቀለሙን ይልጣል፣ ገመዳቸውም በበር ተጨፍልቆ ነው የሚኖረው። ከበሱ በኋላ የአንቴናው ሥር ከላሜራው ጋር በሚገናኝበት የውስጥ ገጽ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አንሱት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ዙሪያውን ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ ካልሆነ ባዶው ብረት በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል።

ስለ ረጅሙ አንቴና። ረጅም ማለት የተሻለ ማለት አይደለም። አንቴና የሚቆረጠው በሞገዱ ልክ ነው። ለተለመደው የሩብ ሞገድ ዘንግ 7,125ን ሬዲዮዎ በሚሠራበት የሜጋ ኸርዝ ቁጥር (ፍሪኩዌንሲ) ያካፍሉ፤ በሴንቲ ሜትር ያገኙታል። ለ150 ሜጋ ኸርዝ 47.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለ160 ደግሞ 44.5 ገደማ። መነሻ ልክ ነው፤ ትንሽ አስረዝመው ጀምረው በሜትር እያዩ ጥቂት ጥቂት ይቁረጡ። መኪናዎ የሚልክበትና የሚቀበልበት ቁጥር የተለያየ ከሆነ ለሚልክበት ያስተካክሉ። ሱቅ የሚሸጥልዎት ረጅሙ አንቴና፣ ከሜትር በላይ የሚሆነው፣ ኃይሉን ወደ አድማስ ጠፍጥፎ ይልካል። ሜዳ ላይ ይረዳል። የእናንተ አገር ግን አንዱ ጫፍ ሸንተረር ላይ ሌላው ገደል ሥር ነው፤ ኃይሉ ወደላይም ወደታችም መዳረስ አለበት። ለእንዲህ ያለ መሬት አጭሩ የሩብ ሞገድ ዘንግ ይሻላል። ቅርንጫፍ ቢመታውም ቶሎ አይሰበርም።

ስለ መብራቱ ባጭሩ። ሬዲዮው በቀጥታ ከባትሪው ይገናኝ፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ማይኩን ተጭነው የሬዲዮው ገመድ ላይ ቮልቱን ይለኩ። ሞተሩ እየሠራ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ሽቦው ቀጥኗል ወይም መገናኛው ዝጓል። መኪናው 24 ቮልት ከሆነ (የእናንተዎቹ ላይሆኑ ይችላሉ፣ አይሱዙ ካላችሁ ግን) ከአንዱ ባትሪ 12 ቮልት መስረቅ የለም፤ መቀየሪያ ይግዙ። በድምፁ ላይ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ካለ ከዲናሞው ነው። የማይቋረጥ ጩኸት ከሆነ ደግሞ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካችውን ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነቅለው ይሞክሩ። ይገርማችኋል፤ ስንት ሰው አንቴና ይቀይርላታል መሰላችሁ።

እስካሁን ያልኩት ሦስተኛውን መኪና ከሁለቱ እኩል ያደርገዋል። ከጣርማበር ወዲያ ግን ሦስቱም እንደጠፉ ይቀራሉ። ቪ ኤች ኤፍ የሚሄደው በመተያየት ነው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ሸንተረር ላይ ትንሽ ይታጠፋል፤ ከገደሉ ሥር ግን አይደርስም። ሜዳ ላይ እንኳ ጣራቸው ሁለት ሜትር የሆነ ሁለት መኪናዎች 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምድር ጉብታ ይጋርዳቸዋል። ቢሮዎ 20 ሜትር ምሰሶ ካለው ወደ 24 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሄ ሁሉ መሬቱ ለጥ ያለ ከሆነ ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ከኋላው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ግድግዳ አስቀምጦ ነው የሚወርደው። 50 ዋትም 100 ዋትም ድንጋይ አይበሳም። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ሲገቡማ ሬዲዮው ዝም ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሹፌሩን አትቆጡት።

ለዚህ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ሬፒተር ነው፤ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ደጋውንም ቆላውንም የሚያይ ቦታ ላይ የሚቆምና የሰማውን በሌላ ቁጥር መልሶ የሚልክ ጣቢያ። ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ግን ፈቃድ፣ ጥበቃ፣ ሶላርና ባትሪ ይፈልጋል። ለሦስት መኪና ብቻ ይከብዳል፤ ከሌሎች ጋር የምትጋሩት ከሆነ ይታሰብ። ሁለተኛው ነፃ ነው፤ ሥርዓት ብቻ ይጠይቃል። የሚወርድ መኪና ዋሻው አፍ ላይ ከመግባቱ በፊት ይደውል፤ መቼ ሸዋ ሮቢት እንደሚደርስ ይናገር። ሁለት መኪና ከወጣ አንዱ ሸንተረሩ ላይ እያለ የሌላውን መልእክት ያስተላልፍ።

ሦስተኛው እጃችሁ ላይ አለ፤ ኮዳኑ። ኤች ኤፍ ተራራውን ለማለፍ አይታገልም፤ ሞገዱ ወደላይ ወጥቶ ከመሬት ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው የአየር ንብርብር ነጥሮ ይመለሳል። ወደላይ ቀጥ ብሎ የወጣው በቅርብ ርቀት ዙሪያውን ይወርዳል። ስለዚህ ደብረ ሲና ሥርም ሆነ መርሐቤቴ መንገድ ላይ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ሆናችሁ፣ ቢሮውም ኤች ኤፍ ካለው፣ ደብረ ብርሃን ትሰማችኋለች። ለዚህ ቅርብ ርቀት ዝቅተኛ ቁጥሮች ይሻላሉ፤ ቀን ከ5 እስከ 8 ሜጋ ኸርዝ፣ ሌሊት ከ3 እስከ 5 መካከል ካሉት የተፈቀደላችሁ። ሹፌሩ ከፍ ያለውን ቻናል መርጦ «አይሠራም» ካለ ምናልባት ድምፁ ደብረ ብርሃንን ዘሎ ሩቅ ቦታ እየወረደ ነው።

የኤች ኤፍ አንቴና ግን ከቪ ኤች ኤፉ የባሰ እንክብካቤ ይፈልጋል። የሥሩ ብረት ከሻንሲው ጋር በሰፊ የመዳብ ሹራብ ይገናኝ፤ ቀጭን ሽቦ አይበቃም። ቡሎኖቹ በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትተው ዝገታቸው ይነሳ፤ ራንዴላው ከዛገ ይቀየር። ኮፈንና በሮችም ከሻንሲው ጋር በሹራብ ቢያያዙ የሞተሩ ጫጫታ በጣም ይቀንሳል። መኪናው ሲቆም ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላ አጎንብሶ ማሰር ለቅርብ ርቀት ይረዳል። የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ዝቅ ብለው የሚያልፉ የመብራት ሽቦዎች ስላሉ ለመንገድም ይመከራል። ሲልክ ማንም አይንካው፤ ያቃጥላል። ሕፃናት መኪና ዙሪያ መሰብሰብ ይወዳሉና ሹፌሩ ሳይናገር በፊት ዙሪያውን ይይ፤ ሁለት ሜትር ይራቁ።

መብረቅ ሲጀምር ኤች ኤፉን ያጥፉ። መንዝ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲያጉረመርም መስኮት ዘግቶ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው፤ ማይኩን መያዝ የለም። ሌላው ጥንቃቄ የወረቀት ነው። የሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኃይል መጨመር፣ ቁጥር መቀየር፣ ሬፒተር ማቆም የፈቃድ ጉዳይ ናቸው፤ 50 ዋቱን የመከሩዎት ሰው ይህን ማንሳት ነበረባቸው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በዚህ ሳምንት ሬዲዮዎቹን አቀያይሩ። ገመዱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ የሦስተኛውን መኪና ገመድና ኮኔክተር ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ አንቴናውን ጣራው መሃል በሩብ ሞገድ ዘንግ ትከሉ። ላቫጆ ሲገባ አንቴናው ሥር በግፊት እንዳይረጩ ይነገራቸው። ከጣርማበር ወዲያ የሚወርደው ሥራ ኮዳን ላለው መኪና ይሰጥ፤ በጀት ከተገኘ ሁለተኛ መኪና ላይ ኤች ኤፍ ይገጠም እንጂ 50 ዋት ቪ ኤች ኤፍ አይገዛ። ሦስቱንም በግንቦት መጨረሻ አንዴ፣ በመስከረም አንዴ በዋት መለኪያው ፈትሹ፤ ያነበባችሁትን በየመኪናው ደብተር ላይ ጻፉት። ካለፈው ንባብ ከ3 ዋት በላይ የወረደ መኪና ሹፌሩ ባያማርርም ጋራዥ ይግባ።

50 ዋት የሚያስፈልግበት ቦታ የለም አላልኩም። ሥራችሁ ወደ እነዋሪና ጅሩ ሜዳ የሚበዛ ከሆነ፣ መሬቱ ገላጣ ስለሆነ፣ ትንሽ ሊረዳ ይችላል። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ ግን ርቀቱን በእጥፍ አያሳድግም፤ ምንም ሳይጋርደው እንኳ ጭማሪው ከግማሽ በታች ነው። በዚያው ገንዘብ የቢሮውን ምሰሶ ከፍ ብታደርጉት ለሦስቱም መኪና ይጠቅማል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሦስተኛው መኪና አሁንም ከተቆራረጠ፣ ጣራው ላይ ያነበባችሁትን ዋትና ዘንጉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልኝ።